አመክሮ ሲሰረዝ፦ በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ግርጌ የወንጀል መዛግብትን ስለ ማንበብ

መግቢያ

በአንድ የእስረኛ ማኅደር የመጨረሻ ገጽ ላይ «አመክሮው ተሰርዞ ቀሪ ቅጣቱን እንዲፈጽም ታዟል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ሰፍሮ አገኘን እንበል። መስመሩ አጭር ነው፤ ውጤቱ ግን ከቤቱ ወጥቶ እርሻውን ለጀመረ ሰው የሁለት፣ የሦስት ወይም የአምስት ዓመት እስራት ነው። ጥፋቱ ምን ነበር? ማን አስታወቀበት? ቀርቦ ተጠይቋልን? ወይስ ሳይጠየቅ ተመለሰ? የወንጀል ፍትሕ ታሪክን የሚያጠና ሰው ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚያገኘው መስመሩን ብቻ በማንበብ አይደለም። ከመስመሩ በፊት ሊኖሩ የሚገባቸውን ወረቀቶች፣ ወረቀቶቹን የጻፉትን ሹማምንትና የአካባቢውን አቀማመጥ አንድ ላይ በማንበብ ነው።

ይህ አጭር ጽሑፍ በአመክሮ መፈታትና የአመክሮ መሰረዝ በኢትዮጵያ ሕግ እንዴት እንደሚሠራ፣ ምን ዓይነት ሰነድ እንደሚያስከትል፣ እንዲሁም በደባርቅ፣ በዳባትና በስሜን ተራሮች ግርጌ ላይ ለሚያጠና ተመራማሪ ይህ ሰነድ እንዴት ሊነበብ እንደሚገባ ለማስረዳት ይሞክራል። ዋና መከራከሪያው አንድ ነው፤ የመሰረዝ ሰነድ ስለ ተፈቺው ጠባይ ከሚናገረው ባልተናነሰ ስለ ጻፊዎቹ ይናገራል።

የቃሉ ፍቺና ተጎራባቾቹ

«አመክሮ» ከግእዙ «አመከረ» የወጣ ነው፤ ትርጉሙም ፈተነ፣ ሞከረ ማለት ነው። «መከራ» የሚለው ቃልም የዚሁ ሥር ዘመድ ነው። በገዳማት ሥርዓት ምንኵስናን የሚሻ ሰው ቆብ ከመድፋቱ በፊት በአገልግሎትና በትሕትና የሚፈተንበት ዘመን አመክሮ ይባላል። ሕጉ ይህን ቃል መውሰዱ ተገቢ ነው፤ በአመክሮ የተፈታ ሰው ነጻ የወጣ ሰው ሳይሆን በፈተና ላይ ያለ ሰው ነውና። ቅጣቱ አላለቀም፤ የሚፈጸምበት ቦታ ተለወጠ እንጂ።

በመዛግብት ውስጥ አመክሮ ከሦስት ተጎራባች ጽንሰ ሐሳቦች ጋር ይምታታል። የመጀመሪያው ገደብ ነው። ገደብ ተቀጪው ወህኒ ሳይገባ ቅጣቱ በፍርድ ቤት ሲታገድ ነው፤ አመክሮ ግን ከቅጣቱ ከፍ ያለው ክፍል ከተፈጸመ በኋላ የሚመጣ ነው። ሁለተኛው ይቅርታ ነው። ይቅርታ በፍርድ ቤት ሳይሆን በአስፈጻሚው አካል የሚሰጥ ሲሆን፣ በ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 71 መሠረት በሕግ በተወሰነው ሥርዓት የሚሰጠው በፕሬዚዳንቱ ነው። ሦስተኛው ምሕረት ነው፤ ይህም በሕግ አውጪ የሚደነገግና አብዛኛውን ጊዜ ለብዙ ሰዎች በአንድነት የሚሆን ነው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ አይደለም። አመክሮን የሚሰርዘው ፍርድ ቤት ስለሆነ ሰነዱ የሚፈለገው በፍርድ ቤት መዝገብ ውስጥ ነው፤ ይቅርታን የሚሰርዘው ግን አስፈጻሚው ስለሆነ ሰነዱ በሌላ መሥሪያ ቤት ይገኛል። ይህን ሳይለይ የተነሣ ተመራማሪ የተሳሳተ መደርደሪያ ሲፈትሽ ይከርማል።

የሁለቱን ልዩነት በግልጽ የሚያሳየው የወይዘሪት ብርቱካን ሚደቅሳ ጉዳይ ነው። ከምርጫ 1997 ጋር በተያያዘ ክስ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶባቸው የነበሩት ብርቱካን ሐምሌ 1999 ዓ.ም. በይቅርታ ተፈቱ። ስለ ይቅርታው አሰጣጥ በውጭ አገር ተናገሩት በተባለው ምክንያት ታኅሣሥ 2001 ዓ.ም. እንደገና ታሰሩ፤ ይቅርታውም ተነሥቶ የዕድሜ ልክ ቅጣቱ ተመለሰ። መስከረም 26 ቀን 2003 ዓ.ም. በድጋሚ ይቅርታ ተፈቱ። በወቅቱ «አመክሮዋ ተሰረዘ» ብሎ የሚናገር ሰው ቢኖር በሕጉ ቋንቋ ተሳስቷል፤ የተሰረዘው ይቅርታ ነበር፤ የሰረዘውም ችሎት አልነበረም። የጉዳዩ ክብደት ግን ለአመክሮም ይሠራል። በቅድመ ሁኔታ የተሰጠ ነጻነት መቼ፣ በማንና በምን ማስረጃ ሊወሰድ እንደሚችል አስቀድሞ ግልጽ ካልሆነ፣ ነጻነቱ ራሱ የተንጠለጠለ ይሆናል።

ሕጉ ከ1949 እስከ 1996 ዓ.ም.

በአገሪቱ ቀድሞ እስረኛን ከእስር ማውጣት ከዋስ ጋር የተሳሰረ ነበር። ዋስ የጠራ ሰው ይለቀቃል፤ ዋሱም በሰውነቱና በንብረቱ ይያዝበታል። ከሳሽና ተከሳሽ በአንድ ሰንሰለት የሚቆራኙበት የቁራኛ ልማድም ሰውን የመጠበቅን ግዴታ በግለሰብ ጫንቃ ላይ የሚጥል ነበር። የእስር ቤት መጠሪያ የሆነው «ወህኒ» ራሱ ከዚሁ አካባቢ ታሪክ ጋር ይያያዛል፤ የጎንደር ነገሥታት ወንድ ዘመዶቻቸውን ያኖሩበት ከነበረው ወህኒ አምባ እንደመጣ በሰፊው ይነገራል።

ዘመናዊው የአመክሮ ሥርዓት ግን የመጣው በሕግ ኮድ ነው። እስር ቤቶችን በአንድ አስተዳደር ሥር ለማዋል የወጣው የእስር ቤቶች አዋጅ ቁጥር 45/1936 ከቀደመ በኋላ፣ ስዊዘርላንዳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቁት የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1950 ዓ.ም. በሥራ ላይ ዋለ። ይህ ሕግ በአመክሮ መፈታትን በዝርዝር ደነገገ። መሠረታዊ አወቃቀሩም ግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. በሥራ ላይ ወደዋለው የ1996 ዓ.ም. የወንጀል ሕግ ተሻገረ።

በ1996ቱ ሕግ አንድ ታራሚ በአመክሮ ሊፈታ የሚችለው ከተፈረደበት እስራት ሁለት ሦስተኛውን፣ ዕድሜ ልክ ከሆነም 20 ዓመት ሲፈጽም ነው። ጊዜው መሙላቱ ብቻውን በቂ አይደለም። በሥራውና በጠባዩ መሻሻሉን ማሳየት፣ ያደረሰውን ጉዳት በሚቻለው መጠን መካስ፣ ከወጣም በኋላ በመልካም ጠባይ ይኖራል ተብሎ የሚታመን መሆን አለበት። ሐሳቡን የማረሚያ ቤቱ አስተዳደር ሊያቀርብ ወይም ታራሚው ራሱ ሊያመለክት ይችላል፤ የሚወስነው ግን ፍርድ ቤት ነው። ፍርድ ቤቱ ሲፈቅድ የፈተና ጊዜ ይወስናል፤ ይህም በመርሕ ደረጃ ከቀሪው ቅጣት ጋር እኩል ሆኖ በሕጉ ከተቀመጠው ወለልና ጣሪያ አያልፍም። የጠባይ ግዴታዎችንም ያክልበታል።

መሰረዝ በሁለት መንገድ ይመጣል። አንደኛው ተፈቺው በፈተናው ዘመን አዲስ ወንጀል ሲፈጽም ነው። ሁለተኛው ወንጀል ሳይፈጽም የተጣለበትን ግዴታ ሲጥስ ነው። በመጀመሪያው መንገድ ማስረጃው አዲስ ፍርድ ስለሆነ ክርክሩ ጠባብ ነው። በሁለተኛው ግን ሁሉም ነገር በፍርድ ቤቱ አመዛዘንና ጥሰቱን ባስታወቀው ሰው ቃል ላይ ያርፋል። ተመራማሪ በመጀመሪያ ሊጠይቅ የሚገባው እንግዲህ ይህ ነው፦ የያዝኩት የትኛው ዓይነት መሰረዝ ነው?

ይህ ክፍፍል የእኛ ብቻ አይደለም። አሌክሳንደር ማኮኖኪ በ1840 እ.ኤ.አ. በኖርፎክ ደሴት እስረኛ በመልካም ጠባዩ ነጻነቱን ደረጃ በደረጃ የሚያገኝበትን ዘዴ ጀመረ፤ ዋልተር ክሮፍተን በአየርላንድ አስፋፋው። በእንግሊዝ ከ1853 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለእስረኞች የፈቃድ ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ ከዚያ ዓመት እስከ 1887 እ.ኤ.አ. ያሉት የፈቃድ ሰነዶችም ዛሬ በለንደን ኪው በሚገኘው ብሔራዊ ቤተ መዛግብት ተሰድረው ለተመራማሪ ክፍት ናቸው። ፈረንሳይ የራሷን ሕግ በ1885 እ.ኤ.አ. አወጣች። አሜሪካ ደግሞ ዘግይታ፣ በ1972 እ.ኤ.አ. በሞሪሲ እና ብሩወር መዝገብ፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቷ አንድ ሰው አመክሮው ከመሰረዙ በፊት የተባለበትን በጽሑፍ የማወቅና የመሰማት መብት እንዳለው ወሰነ። ከዚህ የምንማረው መሰረዝ ከአንድ መቶ ዓመት በላይ እንደ ቀላል አስተዳደራዊ ተግባር መቆጠሩን ነው። የእኛ ሕግ ከመነሻው ውሳኔውን ለፍርድ ቤት መስጠቱ በወረቀት ላይ ቀዳሚ ያደርገዋል፤ በተግባር ተሰምቷል ወይ የሚለውን ግን የሚመልሰው መዝገቡ ነው።

መዝገቡ ውስጥ ምን ሊኖር ይገባል

ከሕጉ አሠራር በመነሣት አንድ የተሟላ የመሰረዝ ማኅደር ቢያንስ ስድስት ዓይነት ወረቀት ሊይዝ እንደሚገባ መገመት ይቻላል። እነርሱም የፍርዱ ግልባጭ፣ የመታሰሪያ ትእዛዝ፣ የወህኒ ቤቱ የጠባይና የሥራ ሪፖርት ከአመክሮ ጥያቄው ጋር፣ የፈተና ጊዜውንና ግዴታዎቹን የሚዘረዝረው የመፍቻ ትእዛዝ፣ ጥሰቱን የሚያስታውቀው ደብዳቤ፣ በመጨረሻም የመሰረዝ ትእዛዙ ናቸው። ከእነዚህ ውስጥ ሲጎድል ይበልጥ የሚናገረው አምስተኛው ነው። የጥሰት ደብዳቤ ሳይኖር የመሰረዝ ትእዛዝ ካለ፣ ወይ ወረቀቱ ጠፍቷል ወይ ነገሩ በቃል ተሠርቷል። ሁለቱን ለመለየት የመሰረዝ ትእዛዙ «በቁጥር … በተጻፈው ደብዳቤ መሠረት» ይላል ወይ ብሎ ማየት ይበጃል። ቁጥር ከጠቀሰ ደብዳቤው ነበረ፤ በላኪው መሥሪያ ቤት የወጪ መዝገብ ላይ ሊፈለግ ይችላል።

ሌላው መሣሪያ የቀን ስሌት ነው። ለምሳሌ ያህል አንድ ሰው እስራቱ ከኅዳር 1 ቀን 1955 ዓ.ም. የሚታሰብ የ9 ዓመት ቅጣት ተፈርዶበት ነበር እንበል። ሁለት ሦስተኛው 6 ዓመት ነው፤ የሚሞላውም ጥቅምት 30 ቀን 1961 ዓ.ም. ነው። ሙሉው ቅጣት የሚያበቃው ጥቅምት 30 ቀን 1964 ዓ.ም. ሲሆን፣ ቀሪው 3 ዓመት የፈተና ዘመን ይሆናል። የመፍቻ ትእዛዙ ከጥቅምት 1961 በፊት የተጻፈ ከሆነ የያዝነው ሰነድ አመክሮ ሳይሆን ይቅርታ ሊሆን ይችላል። ጥሰት የተባለው ድርጊት የተፈጸመው ከጥቅምት 1964 በኋላ ከሆነ ደግሞ የፈተናው ዘመን አልቆ ነበርና የመሰረዙ ሕጋዊነት ጥያቄ ውስጥ ይገባል። ስሌቱን በፈረንጅ አቆጣጠር ለውጦ መሥራት ስሕተት ይጋብዛል፤ ሰነዱ በተጻፈበት አቆጣጠር መሥራት ይሻላል።

ማኅደሩ የት ይፈለጋል

የስሜንና የወገራ የወንጀል ወረቀት በአንድ ቦታ አልተቀመጠም። በንጉሡ ዘመን ደባርቅ የስሜን፣ ዳባት ደግሞ የወገራ አውራጃ መቀመጫ ሆነው ሁለቱም በበጌምድርና ስሜን ጠቅላይ ግዛት ሥር ነበሩ። ቀላል የወንጀል ጉዳይ በወረዳና በአውራጃ ፍርድ ቤት ሲታይ፣ እንደ ሰው መግደል ያለው ከባድ ጉዳይ ለከፍተኛ ፍርድ ቤት ይቀርብ ነበር። አመክሮ ትርጉም የሚኖረው ደግሞ በረጅም ቅጣት ላይ ነው። ስለዚህ በደባርቅ ዙሪያ የተፈጸመ ከባድ ወንጀል የፍርድ ወረቀት በአመዛኙ ወደ ጎንደር ያመራል፤ ስለ ጥሰቱ የተጻፈው ደብዳቤ ቅጂ ግን በወረዳው ሊቀር ይችላል። የአንድ ሰው ታሪክ 100 ኪሎ ሜትር ያህል በሚራራቁ ሁለት መዝገብ ቤቶች ለሁለት ተከፍሎ ይኖራል ማለት ነው።

የአስተዳደር ለውጦቹም ማኅደሩን አንቀሳቅሰዋል። አውራጃዎቹ ቀርተው ክልሎች ከተቋቋሙ በኋላ አካባቢው በሰሜን ጎንደር ዞን ሥር ሆነ፤ መቀመጫውም ጎንደር ነበር። በ2010 ዓ.ም. ዞኑ ሰሜን፣ ማዕከላዊና ምዕራብ ጎንደር ተብሎ ሲከፈል ደባርቅ የአዲሱ ሰሜን ጎንደር ዞን መቀመጫ ሆነ። ስለዚህ «ሰሜን ጎንደር» የሚል ማኅተም ያለበት ወረቀት ከ2010 በፊት ከሆነ ከጎንደር፣ ከዚያ በኋላ ከሆነ ከደባርቅ የወጣ ሊሆን እንደሚችል ማስታወስ ያሻል። ወደ ማዕከል የተላለፈ የጽሑፍ ልውውጥ ደግሞ በአዲስ አበባ በተለምዶ «ወመዘክር» በሚባለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት ሊፈለግ ይገባዋል።

ፍለጋው በአንድ ቃል ብቻ መወሰን የለበትም። የአካባቢው ስም «ስሜን»፣ «ሰሜን»ና «ሲሜን» ተብሎ ይጻፋል። ተቋሙ ቀድሞ «ወህኒ ቤት» ሲባል አሁን «ማረሚያ ቤት» ነው፤ «እስረኛ» የነበረውም «ታራሚ» ሆኗል። መሰረዝም «መሻር»፣ «መነሣት» ወይም በቀጥታ «ተመልሶ እንዲታሰር» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል።

ቦታውና ወቅቱ እንደ ማስረጃ

ግዴታ መጣስ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በቀጠሮ ቀን አለመቅረብ ወይም ከተወሰነው የመኖሪያ ቦታ ሳያስፈቅዱ መራቅ ነው። በከተማ ለሚኖር ሰው እነዚህ ቀላል ግዴታዎች ናቸው። በስሜን ግርጌ ግን ሌላ መልክ አላቸው። ከደባርቅ ወደ አዲ አርቃይ የሚወርደው የሊማሊሞ ቁልቁለት፣ በጃናሞራና በበየዳ ያሉት ገደላ ገደል መንገዶች፣ በክረምት የሚሞሉት ወንዞች የአንድ ቀን ቀጠሮን የብዙ ቀን ጉዞ ያደርጉታል። «ሐምሌ 20 ቀን ሳይቀርብ ቀረ» የሚለው ሐረግና «ጥር 20 ቀን ሳይቀርብ ቀረ» የሚለው ሐረግ በሕግ ዓይን አንድ ናቸው። ቆላ ወርዶ ለሚኖር ሰው ግን አንድ አይደሉም።

የመኖሪያ ግዴታም እንዲሁ ነው። የዚህ አካባቢ ወንዶች በሰሊጥ አረምና አጨዳ ወቅት ወደ ሑመራና ወደ መተማ ለቀን ሥራ መውረዳቸው የቆየ የኑሮ ስልት ነው። ከመስከረም እስከ ኅዳር ባለው ጊዜ «ከቀበሌው ጠፍቶ ተገኘ» የተባለ ተፈቺ ከሕግ ሸሽቶ ሊሆን ይችላል፤ ዕዳውን ለመክፈል ወይም ሕጉ ራሱ ያዘዘውን ካሳ ለመሙላት ሠርቶ ለመመለስ ሄዶም ሊሆን ይችላል። ሰነዱ ብቻውን ይህን አይነግረንም፤ ወቅቱ ግን ጥያቄውን እንድናነሣ ያስገድደናል። ስለዚህ ተመራማሪው የመሰረዝ ቀኖችን በወር ቢደረድራቸው ይጠቅማል። ጥሰቶቹ በክረምትና በመኸር የሚከማቹ ከሆነ የምናየው የጠባይ ጉድለትን ብቻ ሳይሆን ከአገሬው ኑሮ ጋር ያልተጣጣመ ግዴታን ሊሆን ይችላል።

አስታዋቂው ማን እንደሆነ መለየትም እንዲሁ ያስፈልጋል። በንጉሡ ዘመን ስለ አንድ ገበሬ ጠባይ ለመጻፍ ቅርብ የነበሩት ጭቃ ሹሙና አጥቢያ ዳኛው ናቸው። ከየካቲት 1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ቦታውን የገበሬ ማኅበሩ ያዘ፤ ከዚያ ወዲህ የቀበሌው አስተዳደር ነው። እነዚህ ሁሉ የሚኖሩት ከተፈቺው ጋር በአንድ መንደር ነው፤ የመሬት ድንበር፣ የዝምድናና የቂም ጉዳይ ያገናኛቸዋል። በነፍስ ግድያ ተቀጥቶ የወጣ ሰው ከሟች ቤተሰብ ጋር በሽማግሌ ካልታረቀ የሚያሰጋው ደም መላሽ ነው። እርቁ ሳይፈጸም የተጻፈ የጥሰት ደብዳቤ ሰላምን ለማስጠበቅ የታሰበ፣ ወይም ቂምን በመንግሥት እጅ ለመወጣት የተሞከረ ሊሆን ይችላል። የእርቅ ወረቀት በማኅደሩ መኖር አለመኖሩን፣ ደብዳቤውን የፈረሙት ሰዎች በመጀመሪያው ክስ ምስክር ሆነው መቅረብ አለመቅረባቸውን ማመሳከር እንግዲህ ተራ ዝርዝር አይደለም።

ስለ ጥንቃቄ

እነዚህ መዛግብት የሞቱ ሰዎችን ብቻ የሚመለከቱ አይደሉም። ልጆቻቸውና የተበዳዮቻቸው ልጆች ዛሬም በአንድ ገበያ ይገናኛሉ። የወንጀል ሕጉ ራሱ ቅጣቱን የጨረሰና በመልካም ጠባይ የኖረ ሰው እንዲሰየም፣ ማለትም ጥፋቱ ከስሙ ላይ እንዲነሣ ይፈቅዳል። ሕግ የሰረዘውን ስም ተመራማሪ መልሶ በአደባባይ ሊጽፈው አይገባም። ስምን በቁጥር መተካት፣ መንደርን በወረዳ ደረጃ መግለጽ፣ የሟች ቤተሰብን ማንነት ከሚጠቁም ዝርዝር መቆጠብ ለታሪኩ እውነትነት ምንም አያጎድልም።

ማጠቃለያ

የአመክሮ መሰረዝ ሰነድ መንግሥት ለአንድ ሰው የሰጠውን እምነት መልሶ የወሰደበት ቅጽበት መዝገብ ነው። የመሰረዙን ዓይነት በመለየት፣ ወረቀቶቹን በመቁጠር፣ ቀኖቹን በማስላት፣ ማኅደሩን በጎንደርና በደባርቅ መካከል በመከተል፣ ወቅቱንና አስታዋቂውን በመጠየቅ ያ ቅጽበት ሊከፈት ይችላል። በመግቢያው ላይ የተጠቀሰው አንድ መስመር ያን ጊዜ የአንድ ፍርድ መጨረሻ መሆኑ ይቀርና የብዙ ጥያቄ መነሻ ይሆናል። ፈተናውን የወደቀው ተፈቺው ነው ወይስ ፈታኙ? ይህን ለይቶ መናገር የሚቻለው ሁለቱንም በአንድ ዓይን ለሚያይ አንባቢ ነው።